እትዬ ራይና ሐሙስ ዕለት የሞቱበት ገጽ

ዶልና ቫርባ፣ ጁን 9

ለተከበሩት፣ ለተወደዱት፣ እስከ ሐሙስ ረፋድ ድረስም በሕይወት ለነበሩት እትዬ ራይና፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎ ይጽና፤ ምንም እንኳ ከአሁን በኋላ ነፍስ ይማር ማለቱ የሚቀና ቢሆንም። የእናቴ የአጎት ልጅ ስለሆኑ ይህን ከባድ መርዶ ከባዳ አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ለመጻፍ ተቀምጫለሁ። እትዬ ራይና፣ ይጠንክሩ። ሞተዋል።

የሞቱት ዳቦ የሚያመጣው መኪና ፌርማታው ጋ በሚቆምበት ሰዓት ነው። ፎቶዎ ጥቁርና ነጭ፣ ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ፣ ከሥሩ ስምዎ፣ ከስምዎ ሥር 1963፣ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ወዲያ ዘንድሮ። ፌርማታችንን ያውቁታል። አርባ የሞላው፣ መንፈቅ የሞላው፣ ዓመት የሞላው ሟች ሁሉ ፎቶው እዚያ ተለጥፎ አውቶቡስ ይጠብቃል። እርስዎ የደረሰዎት ከአያ ስታሜን ጎን ነው። ጥሩ ቦታ ነው፤ ዝናብ አይነካዎትም።

ቀትር ሳይሆን በበርዎ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታሰረ። ማን እንዳሰረው ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። ቄሱ ደወል አስደወሉ። ጎረቤትዎ ጋሽ ማቴይ ደግሞ አጥር ዘለው ገብተው ቼሪዎን ለቀሙና ፌርማታው ላይ ቆመው ለነፍሷ፣ ለነፍሷ እያሉ አንድ ሙሉ ባልዲ አደሉ። እኔም በልቻለሁ። ነፍስዎ ጣፋጭ ነበረች።

ነገሩ የመጣው ከኔ ነው፤ አልክድም። የንባብ ቤታችን ኃላፊ ወይዘሮ ቪዮሌታ መንደራችን አዲስ ድረ ገጽ ይኑራት ብለው ሥራውን ለኔ ሰጡ፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱን አሥራ አንደኛ ላይ ስለተውኩት ጊዜ ይተርፈዋል ብለው ነው። ሦስት ዓይነት የድረ ገጽ ማዘጋጃ በየተራ እየሞከርኩ ነው። አንዱ ላይ በውጭ አገር ስላሉ ልጆቻችን አንድ ገጽ ጀመርኩ፤ በእርስዎ ጀመርኩ። ወይዘሮ ቪዮሌታ ወረቀት ላይ ካልወጣ ነገሩ የለም ብለው የሚያምኑ ሴት መሆናቸውን ያውቃሉ። ድረ ገጹ ላይ ያዩትን ሁሉ አትመው ፌርማታው ላይ ይለጥፋሉ። የእርስዎንም አተሙ፣ ለጠፉ። የቀረውን ሥራ ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሕዝብ ጨረሰው።

በሕይወት ካሉ እባክዎ ይመልሱልኝ። ከሌሉም ያሳውቁኝ።

ሐዘንተኛዎ፣ ስፓስ


ዛራጎዛ፣ ጁን 18

ለስፓስ፣

አምላክ ዕድሜ ይስጥህ፤ ከዕድሜው ጋር ትንሽ ልብ ቢጨምርልህም አልጠላም። እኔ ደህና ነኝ። እናትህን ሳምልኝ።

መልሴ ዘጠኝ ቀን የዘገየው በሐዘን አይደለም። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ደውዬ በመዝገብ ላይ በሕይወት መኖሬን አጣርቼ ነው። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጠይቂው አለችኝ። ዘመድ አለኝ አልኳት።

በስልክ አላናግርህም። አምና የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነኝ ብለህ ደውለህ፣ ከማቀዝቀዣዬ ጀርባ ያለውን ቁጥር በባትሪ እያበራሁ ግማሽ ሰዓት ያስነበብከኝን አልረሳሁም። በጽሑፍ ብቻ እንገናኝ። የተጻፈ ነገር ሲካድ ያስታውቃል።

አሁን በደንብ አንብብ። ሃያ ሦስት ሰው በውጭ አለ፤ ለምን ከኔ ጀመርክ? የሞትኩበትን ዓመት ማን ጻፈው? ማሽን ነው እንዳትለኝ፤ ማሽን ጣት የለውም። ጨርቁን ማን አሰረው? ጋሽ ማቴይ መሞቴን በሰማ ስንት ደቂቃ ውስጥ ነው አጥሬን የዘለለው? አስቀድሞ ባልዲ ይዞ ነበር ወይስ ሊያመጣ ተመለሰ?

አሥራ ሰባት ዓመት ከቤቱ የራቀ ሰው፣ አንድ ቀን በገዛ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታሰረ ሲባል ስህተት ነው ብሎ ከተኛ ሞኝ ነው። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምለው ያ ቤት ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ያለው አንተ ጋ ነው። የሰጠሁህ መስኮት እንድትከፍትና አበባ እንድታጠጣ ነው።

ቤቱን በአራቱም ጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የሞትኩበትንም ገጽ እንዳትነካው። ፌርማታው ላይ ያለው ይነሳ፤ ገጹ ግን እንዳለ ይቀመጥ፤ ማስረጃ ነው።

ራይና


ዶልና ቫርባ፣ ጁን 18

ከሙታን መካከል ለተመለሱት እትዬ ራይና፣

እንኳን በሰላም ተመለሱ፤ መንገዱ እንደማይመች እሰማለሁ። ደብዳቤዎ በኢሜይል በደረሰ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው የምመልሰው፤ ሟች ማስጠበቅ ነውር ነው።

ከእርስዎ የጀመርኩት ከሃያ ሦስቱ ሰው ፎቶ ላይ ዓይናቸውን ያልጨፈኑት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው። ጋሽ ማቴይ ባልዲውን ይዘው ነው የዘለሉት፤ ከፎቁ መስኮት ሆኜ በደንብ ነው ያየኋቸው። ማለቴ፣ መስኮቱን ላናፍስ በገባሁበት።

ስለ ዓመቱ ግን ይስሙኝ። ሦስቱን የድረ ገጽ ማዘጋጃዎች ላስተዋውቅዎ፤ ስም አውጥቼላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ቤቱ ነው። ስከፍተው በግራ በኩል መሳቢያ፣ በመሳቢያው ውስጥ መሳቢያ፣ ከዚያም ውስጥ። የማይሠራው ነገር የለም፤ የሚሠራበት ቦታ ግን አይገኝም። አያ ጌርጎ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የንብ አናቢዎችን ስብሰባ ቀን እንዲጽፉበት አስቀመጥኳቸው። መጻፊያውን ፍለጋ ሲገቡ ሲወጡ የድረ ገጹን ቋንቋ በሙሉ ወደ ፖርቱጋልኛ ለወጡት። ሁለት ቀን ፖርቱጋሎች ሆነን ከረምን፤ መመለሻው እስኪገኝ።

ሁለተኛው ትራክተሩ ነው። ቀለሙ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ ሁሉም ነገር ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። የነገሩትን ይሠራል፤ ያልነገሩትን አይሠራም። ውበት ግን አይጠብቁበት። ወጣት ሆኜ ይህን ሠራሁ ብዬ ለሰው አላሳይም።

ሦስተኛዋ ሙሽራዋ ናት። እትዬ ራይና፣ ምን ልበልዎ። ገጹ ሲከፈት ቀስ ብሎ ይገለጣል፣ ፎቶው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ፊደሉ ቀጭን፣ ባዶ ቦታው ሰፊ። የዋና ከተማ ጋዜጣ ነው የሚመስለው። ችግሯ ኩራቷ ነው። የሰው ፎቶ ሲሰጧት ሳትጠይቅ ቀለሙን አውጥታ ጥቁርና ነጭ ታደርገዋለች፤ ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር መስመር ታሰምርበታለች። ይህን ባሰቡት ሰዎች አገር ጨዋነት ይባል ይሆናል። በኛ አገር ምን እንደሚባል ዳቦ ገዢው ሁሉ ነግሮኛል።

ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ ከመቼ፣ አንዱ እስከ መቼ ይላል። ሁለቱም ላይ ቀይ ኮከብ አለ፤ ካልሞሉ አታስቀምጥም። ሁለተኛውን ባዶ ተውኩት፤ እምቢ። ሰረዝ ጻፍኩ፤ እምቢ። ገና ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ትክክለኛ ዓመት ያስገቡ አለችኝ። እስካሁን አሉ ለማለት ዘንድሮን ጻፍኩ፤ ተቀበለች። እንዲህ ነው የሞቱት። ያስገደለዎት ኮከብ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ድምፅ ሰጥተው አንዱን ይመርጣሉ፤ ከውጭም አስተያየት ይፈልጋሉ። ቢፈርዱልኝ ለሙሽራዋ ይፍረዱልኝ። ገጽዎን በሦስቱም ላይ እንዳለ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ፤ ከሕዝብ ዓይን ግን ደብቄዋለሁ። ፎቶዎቹ አብረው ተልከዋል። እናቴ ሰላም ትላለች። ከአባቴ ጋር እንደ በፊቱ ነን፤ እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ እናቴ መሃል ላይ ሾርባ ይዛ።

ስፓስ


ዛራጎዛ፣ ጁላይ 4

ለስፓስ፣

ቀንህ ይባረክ፤ ምላስህም ይረፍ።

ሦስት ፎቶ ደርሶኛል። እኔ ስሄድ ቤቴ አራት ጎን ነበረው። በወንዙ በኩል ያለው፣ የፎቁ መስኮት ያለበት ጎን የት ገባ?

ሌላም ነገር ንገረኝ። ጭስ መውጫው ደህና ነው? የታችኛው ክፍል ወለል እርጥበት ገብቶበታል? ምድጃው ቢለኮስ ይስባል? መልሱን በአጭሩ፤ ቀልድ ሳትቀላቅል።

የኮከቡን ታሪክ አነበብኩት። እውነት ሊሆን ይችላል። አንተ ስትዋሽ ግን ከእውነት ይልቅ ዝርዝር እንደምታበዛ እናትህም ታውቃለች፤ ስለዚህ እኔው ራሴ አያለሁ። በሦስቱም መግቢያ የራሴ የይለፍ ቃል ስጠኝ፤ ገብቼ አንተ ወደማታውቀው የምለውጠው። ያለማንም እርዳታ፣ በገዛ ስልኬ፣ ከሞት መነሳት የቻልኩበት ማዘጋጃ እሱ ጥሩ ነው። ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማረም ሌላ ሰው መለመን ካለበት፣ ውበቱ ለኔ ምኔም አይደለም።

ራይና


ዶልና ቫርባ፣ ጁላይ 5

ለተጠራጣሪዋ፣ ግን ለተወደዱት እትዬ ራይና፣

ጤና ይስጥልኝ። ጭስ መውጫው ደህና ነው። ወለሉ ደረቅ ነው። ምድጃው ይስባል፤ በማርች እንዴት እንደሚስብ ቢያዩ። ይኸው፣ ያለ ቀልድ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ትናንት የፕሎቭዲቭ ከተማ ሰሌዳ የለጠፈ መኪና መጣ። ወፍራም ሰውዬ ወርዶ በርዎን ፎቶ አነሳ፤ በአጥሩ ተንጠራርቶ ጣሪያዎን አየ፤ ደብተር ላይ ጻፈ። ማንን ይፈልጋሉ ብለው ጋሽ ማቴይ ቢጠይቁት ማንንም ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሄደ። እርስዎ ደግሞ በዚያው ሳምንት ስለ ጭስ መውጫ ይጠይቃሉ። ሰው ስለ ወለል እርጥበት የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ገዢ ሲጠይቀው ነው።

ከሸጡት ይንገሩኝ። የምለው ለራሴ ብዬ አይደለም፤ አበባዎቹ ለምደውኛል።

የይለፍ ቃሎቹ ከታች ናቸው። አራተኛው ጎን ፀሐይ ስለሚመታው ፎቶ አይወጣም፤ ደመና ሲሆን አነሳለሁ።

ስፓስ


ዶልና ቫርባ፣ ኦገስት 2

እትዬ ራይና፣

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? አንድ ወር ሙሉ ዝም አሉኝ። ደመናም አልመጣም።

ወፍራሙ ሰውዬ ባለፈው ማክሰኞ ተመልሶ መጣ፤ ሜትር ይዞ። እኔ ቤት ውስጥ፣ ማለቴ ደጁ ላይ ነበርኩ። ማን ላከህ ብዬ ብጠይቀው ባለቤቷ አለ። ስንት ጊዜ እኔ ልሙት ብዬ ልጻፍልዎ? ቤቱ ከተሸጠ አንድ መስመር ይበቃኛል።

ስፓስ


ዛራጎዛ፣ ኦገስት 19

ለስፓስ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለሾርባዋ ባለቤት ደግሞ እጥፍ።

የዘገየሁት ኮክ ስለደረሰ ነው፤ የምሠራበት የፍራፍሬ ማሸጊያ ቤት ቀና አያስብልም። የሞከርኩት በምሳ ዕረፍት ነው፤ መስታወቱ በተሰነጠቀው ስልኬ፣ አንድ እጄ ጓንት ውስጥ እያለ። ለዳኝነት ከዚህ የተሻለ ሁኔታ የለም። ሙሽራህ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የምታምር ከሆነች እዚያው ትቆይ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሦስት ምሳ ጨረስኩ። የፊደሌን ቀለም መለወጫ አገኘሁ፣ ገጹን በስድስት ቋንቋ መተርጎሚያ አገኘሁ፤ የሞትኩበትን ዓመት ግን ዓይኔ እያየው መንካት አልቻልኩም። አራተኛው ቀን ላይ ወጣሁ።

ሙሽራዋ ውብ ናት፤ ሐቅ ነው። የራሴን ፎቶ አይቼ ይህች ሴት በደንብ ነው የሞተችው አልኩ። ዓመቱን ሰረዝኩት፤ ኮከቡ ቀላ። ስለ ኮከቡ አልዋሸህም፤ ይህን እጽፍልሃለሁ። 2060 ብዬ ብጽፍ ተቀበለችኝ። በእሷ ቤት በዘጠና ሰባት ዓመቴ እሞታለሁ ማለት ነው። አመሰግናለሁ፤ ግን አልጠየቅኳትም። አስቀምጥ የሚለው ደግሞ ከስልኬ ጠርዝ በታች ወድቆ በጣቴ ብጎትተው ብጎትተው አይወጣም።

ትራክተሩን የከፈትኩት ዓርብ ዕለት ነው። መልኩ እንዳልከው ነው፤ እያዩት ብስኩት እንኳ አይበላም። ግን ከስሜ አጠገብ የእርሳስ ምልክት አለ። ነካሁት። ዓመቱን አጠፋሁ። አስቀምጥ አልኩት። ተቀምጧል አለኝ፤ ሰዓቱንም ነገረኝ። የያዝኩትን ኮክ ሳልጨርስ ከሞት ተነሳሁ። እንደገና ነካሁት፤ አሁንም ተቀምጧል አለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ መንደር የጠየቅኩትን አድርጎ፣ አድርጌያለሁ ብሎ የነገረኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። ለሽማግሌዎቹ ድምፄ የትራክተሩ ነው በላቸው።

አንድ ነገር ግን አለ። ትራክተሩ ከገጹ ሥር የድረ ገጹን ሁሉ ዝርዝር ይይዛል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ። የምታውቀው አልመሰለኝም። ስፓስ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ስፓስ፣ ማታ ሁለት ሰዓት። ስፓስ፣ እሑድ ጠዋት። ከማርች ጀምሮ በየቀኑ። ንባብ ቤቱ የሚከፈተው በአራት ሰዓት ነው፤ የሚዘጋው በአሥር። እሑድ አይከፈትም። አባትህ ቤት ኢንተርኔት የለም፤ አባትህ እንኳን ኢንተርኔት ሬዲዮም በስንት ጭቅጭቅ ነው ያስገባው።

ከየት ሆነህ ነው የምትጽፈው?

ስለ ወፍራሙ ሰውዬ በጊዜው ታውቃለህ።

ራይና


ዶልና ቫርባ፣ ሴፕቴምበር 3

ለተከበሩት፣ ለተፈሩት፣ ለገዛ ገጻቸው ጸሐፊ እትዬ ራይና፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ከረመ። ስድስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ስድስቱም ቀልድ ሆነብኝ።

ድምፁ ትናንት ተሰጠ። ትራክተሩ አምስት፣ ሙሽራዋ ሁለት፤ ለሙሽራዋ እጅ ያወጡት ወይዘሮ ቪዮሌታና የትምህርት ቤቱ ሥዕል መምህር ናቸው። መድኃኒት ቤቱን ማንም አላነሳውም፤ ለመሰረዝ እንኳ መሳቢያውን ፈልጎ የሚያገኝ ጠፋ። አያ ጌርጎ ተነስተው፣ "እኔ አንዴ አግብቻለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ አታምጡብኝ" ብለው ተቀመጡ። የእርስዎን የኮክ ዘገባ ሳነብላቸው ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ ግን አንድ በአንድ ስልካቸውን አውጥተው በየራሳቸው ስም አጠገብ እርሳስ ይፈልጉ ጀመር።

ዛሬ ጠዋት ምን ተለውጧል ብዬ ገጽዎን ስከፍተው ያልጻፍኩት ነገር ተጽፎ አገኘሁ። በእርስዎ ስም፣ ትናንት፣ በምሳ ሰዓት። እንዲህ ይላል፦

"ራይና በሕይወት አለች። ሴፕቴምበር 14 በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ትመጣለች፤ ተመልሳም አትሄድም። ቤቱ አይሸጥም፤ የመጣው ሰውዬ ምድጃ የሚተክል ነው። ፎቁ የእሷ ነው። የታችኛው ክፍል፣ ወለሉ ደረቅ የተባለው፣ እዚህ እኖራለሁ ብሎ በገዛ እጁ ለሚጽፍላት ሰው ነው።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጭስ መውጫውም ያኔ ገባኝ፤ እኔ የምገምተው ሌላ፣ እርስዎ የሚያስቡት ሌላ።

እንግዲህ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። እዚህ እኖራለሁ፣ እትዬ ራይና። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ። ትምህርት ቤቱን መተዌን ስነግረው አባቴ እንድወጣ በሩን ከፍቶ ያዘልኝ። የእርስዎ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለአንድ ቀን ብዬ ነው የገባሁት፤ ሁለተኛው ቀን በረዶ ጣለ፣ ሦስተኛው ቀን ምድጃውን አጸዳሁት፣ ከዚያ በኋላ መውጣት አልቻልኩም። ኢንተርኔቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አራተኛውን ጎን ፎቶ ያላነሳሁት ያጠብኳቸውን ሸሚዞቼን መስኮቱ ላይ ስለማሰጣ ነው፤ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ሁልጊዜ አንዱ ተሰጥቷል። ሁሉን ነገር ለመቀለድ ድፍረት አለኝ፤ ይህችን ለመናገር አጣሁ። ቤትዎን እንደወሰድኩብዎት ያስቡ ነበር፤ እኔም ሊሸጡብኝ ነው ብዬ በየቀኑ መንገዱን ሳይ ነበር።

ጨርቁን ያሰሩት የጋሽ ማቴይ ባለቤት ናቸው። የራሳቸውን የራስ ሻሽ ቀደው ነው። አሁን ሲጠይቋቸው ያፍራሉ፤ ያኔ ግን በሩ ሥር ተቀምጠው ብቻቸውን ሲያለቅሱ ከፎቁ መስኮት አይቻቸዋለሁ። ለእርስዎ ያልነገርኩት፣ ከየት ሆኜ እንዳየሁ እንዳይጠይቁኝ ነው።

አልጋዬን ዛሬ ወደ ታች አውርጃለሁ። ፎቁን በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ምንም አልተሰጣበትም፣ ፎቶው አብሮ ተልኳል። በ14 በስምንት ሰዓት ፌርማታው ላይ የጋሽ ማቴይን ጋሪ ይዤ እጠብቃለሁ፤ ሻንጣዎ ብዙ ነው ብዬ እገምታለሁ።

እንግዲህ በጁን ያወጅኩት ያ ታላቅ መርዶ ተጣርቶ ሲታይ ይኸው ነው፦ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመርና ባዶ አልቀመጥም ያለ አንድ ሣጥን። ደወል የሚያስደውል ነገር አልነበረም። ተራ ነገር ነበር፣ እትዬ ራይና፤ ሰው እንኳ አልሞተበትም።

የታችኛው ክፍል ነዋሪ፣ ስፓስ